የእሜቴ አንገት ማሰሪያ

ማክሰኞ 6

አይጦቹ ዛሬ ደግሞ የሩዙን ከረጢት በስተውታል። የተበተነውን ስጠርግ ለሥራ ዘገየሁ። እሜቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ታየኛለች፤ ጠራጊዋ እኔ፣ ተቆጣጣሪዋ እሷ። ድሮ ቢሆን በዚህ ቤት አንድ አይጥ አያድርም ነበር። አሁን ግን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ጥርሷም አልቋል።

«ተያት፣ ጡረታ ወጥታለች» አለ አባዬ ከወንበሩ ሆኖ። «እኔስ ወጥቼ የለ?»

ከሥራ ስመለስ ከምሠራበት ፋርማሲ አንድ ፓኬት የአይጥ መርዝ ይዤ ገባሁ። የወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ድመቷ ዘላ በማትደርስበት አኖርኩት። ለአባዬ አልነገርኩትም። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ያላየው ነገር ሁሉ ያስጨንቀዋል።

ዓርብ 9

ጥድፊያ። ዝናቡ ከገባ ጀምሮ ከተማው ሁሉ ያስላል፣ ሰልፉ ከፋርማሲው በር ውጪ ወጥቶ ዋለ። ምሳዬን ቆሜ በላሁ።

ወንድሜ ደወለ። ያው ነው፤ አባዬን እኔ ጋ ላምጣው ይላል። ቤቱ አምስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት አለው፣ ጓሮ የለውም። ለአባዬ ስነግረው «እሜቴ ሊፍት ትሳፈራለች ወይ?» አለ። በዚሁ ተዘጋ።

እሁድ 11

ዝናብ ነው። ቤት ዋልን። ጊዜ ስላለኝ እጽፋለሁ።

ይቺን ድመት ከመንገድ አንሥታ ያመጣቻት እማዬ ናት። ያኔ ግልገል ሳለች ውሻ ነክሷት የግራ ጆሮዋ ተሸርፎ ነበር። እንደዚያም ሆና አንገቷን ቀና አድርጋ ስለምትራመድ «እሜቴ» ብላ ሰየመቻት። እማዬ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆነ። የዚያን ጊዜ አባዬ እህል አልቀምስም ብሎ ዘጠኝ ቀን ወደ ግድግዳ ዞሮ ተኛ። ዘመድ መከረው፣ ወንድሜ አለቀሰበት፣ እኔ ተቆጣሁት፣ እንቢ አለ። በዐሥረኛው ቀን ጠዋት እሜቴ አልጋው ላይ ወጥታ ፊቱ ላይ ጮኸችበት። የምታበላት እማዬ ብቻ ነበረች፣ እሷ ደግሞ የለችም። አባዬ ተነሣ፣ አበላት፣ ከዚያ እዚያው እንደቆመ አንድ ቁራሽ ዳቦ ጎረሰ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ አይቻለሁ።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር፣ አርባ ዓመት ሙሉ። ወረቀት ይጠፋል ብሎ ስለሚያምን የደንበኛውን ልክ በስንዝርና በጣት ለክቶ በጭንቅላቱ ይይዛል። የማን ልብስ እንደሆነ የሚለየው ደግሞ ከአንገትጌው ውስጥ በኩል በሚያስረው የክር ቋጠሮ ነው። ሰው ሁሉ የራሱ ቁጥር አለው። እኛም አለን፤ እማዬ አንድ፣ ወንድሜ ሁለት፣ እኔ ሦስት። ትምህርት ቤት ሳለሁ ልጆች አንገትጌዬን ገልብጠው «ሦስት ቁጥር» እያሉ ይጠሩኝ ነበር፣ ተናድጄ መቁረጥ ሁሉ ሞክሬያለሁ። በማግስቱ መልሶ አስሮት አገኘሁት።

እሜቴ አንገት ላይ ያለው ሰማያዊ ማሰሪያ የእማዬ ቀሚስ ቁራጭ ነው። በውስጡ አንድ ቋጠሮ አለ። የእማዬ ናት ማለት ነው። አባዬ ድመቷን ባቀፈ ቁጥር በአውራ ጣቱ ያቺን ቋጠሮ ይዳብሳል። ሳያውቀው ይመስለኛል።

ረቡዕ 14

እሜቴ ሞተች።

ጠዋት ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ አገኘኋት። አባዬ አልነቃም ነበር። ጓሮ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቀበርኳት። መሬቱ በዝናቡ ስለራሰ አላስቸገረኝም። ማሰሪያዋን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት።

እርጅና ነው። አሥራ አራት ዓመት ለድመት ብዙ ነው።

የቁም ሳጥኑን አናት አጸዳሁ። ፓኬቱን ጣልኩት።

ሐሙስ 15

«እሜቴ የታለች?»

«ጓሮ ወጥታ ይሆናል።»

«በዚህ ዝናብ?»

ምሳውን አልነካም። ሳህኑን እንዳለ አነሣሁት።

ዓርብ 16

ዛሬም ቁርስ የለም። በሩን ክፈቺላት ይለኛል፣ እከፍታለሁ፣ ብርዱ ይገባል፣ እዘጋለሁ። መልሶ ክፈቺላት ይላል። ሐኪሙ ባለፈው ወር ልቡ ደክሟል፣ ምግብ እንዳያቋርጥ፣ ድንገተኛ ነገር እንዳትነግሩት ብሎ አስጠንቅቆኛል። ታዲያ ምን ብዬ ልንገረው? ያንን ዘጠኝ ቀን አስባለሁ። ያኔ ልቡ ደህና ነበር።

ነገ አንድ ነገር አደርጋለሁ።

ቅዳሜ 17

ከገበያው ጀርባ የቤት እንስሳት የሚሸጥ ሰውዬ ጋ ሄድኩ። ዓይናቸው ለጠፋ ሽማግሌ ነው አልኩት። ሌላውን አልነገርኩትም። ሰውዬው ወሬ ይወዳል፣ ሳልጠይቀው ሱቁን ሁሉ አዞረኝ።

«ውሻ ታማኝ ነው፣ በበላበት ይጮኻል። ግን ውሻ ጠዋትም ውጣ ይላል፣ ማታም ውጣ ይላል። ሰው የሚመራ የሠለጠነ ውሻ አለ ይባላል፣ እኔ ጋ ግን አታገኚውም።» ዓሣዎቹን በእጁ ጠቁሞ አለፋቸው። «ይሄ ለዓይን ነው። አባትሽ ምኑን ሊያይ?» ወፎቹ ጋ ቆመ። «ካናሪ ጥሩ ነው፣ ብቸኛ ሰው ያጫውታል። ችግሩ አይዳሰስም። የማያይ ሰው እጁ ላይ የሚያርፍ ነገር ይፈልጋል።»

«ጥንቸልስ?» አልኩት፣ እንዲሁ።

«ጥንቸል ይዳሰሳል። ግን ወደደሽ ጠላሽ፣ አፍንጫውን ነው የሚያንቀሳቅስልሽ።»

«ድመትስ?»

«ድመት ስትፈልግ ትመጣለች፣ ሳትፈልግ አትመጣም። ስትመጣ ታዲያ የእውነቷን ነው።»

አመድማ ድመት መረጥኩ፣ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ጀርባዋን ደጋግሜ ዳበስኩ። ጸጉሯ ያው ነው። ሰውዬው «ሰው እንስሳ ሲገዛ ዓይኑን ይገልጣል እንጂ» ብሎ ሳቀብኝ።

ጆሮዋ ሙሉ ነው። ጆሮዋን ማን ይነካል።

እሁድ 18

ማሰሪያው ሰፋት። እሜቴ አንገቷ ወፍራም ነበር። ስለዚህ ጠርዙን አጥፌ በስድስት ስፌት አጠበብኩት። የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፣ ይህን ያህል እጅ አላጣሁም። ከውጪ ጭራሽ አያስታውቅም።

«አባዬ፣ ተገኘች» ብዬ እቅፉ ላይ አስቀመጥኳት።

እጁን ራሷ ላይ አኖረ። ወደ ጀርባዋ ወረደ። ተመልሶ ወደ አንገቷ ወጣና ማሰሪያው ላይ ቆየ። በጣም ቆየ።

«ከስታለች» አለ።

«አራት ቀን ሙሉ ውጪ ውላ አድራ፣ እንዴት አትከሳ?»

«እህ» አለ። ከዚያ «የምትበላው ስጫት» አለ። «ለኔም አምጪ።»

በላ። ሳህኑን በዳቦ ጠረገው። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የደስታ ነው።

ማክሰኞ 20

አባዬ ይበላል። ደህና ይተኛል። ለወንድሜ በስልክ «ደህና ነን» አልኩት፣ እውነቴን ነው።

ጎረቤታችን መጥተው ነበር። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ነው የሚላቸው። ድመቷን አዩ፣ እኔን አዩ። ወጥ ቤት ተከትለውኝ ገቡና «ይቺ ማናት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። እባክዎን ሲስተር፣ ልቡን ያውቁታል አልኩ።

«እኔ አፌን እዘጋለሁ» አሉ። «ግን ልጄ፣ የጠፋው ዓይኑ ነው እንጂ ጣቱ አይደለም።»

ሲስተር ነገር ማክበድ ይወዳሉ።

ዓርብ 23

ከሥራ ስገባ ከበሩ ውጪ ሆኜ ሰማሁት። ድመቷን ያናግራታል። «እዚህ ጋ ደረጃ አለ፣ ሁለት ነው፣ ሁለተኛው አጭር ነው። ያ መስኮት አይዘጋም፣ ብርድ ያስገባል፣ ከሥሩ አትተኚ። ያቺ ልጅ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትገባለች። እግሯን ትጎትታለች፣ ደክሟት ነው፣ አትፍሪያት።»

አሥራ አራት ዓመት የኖረችበትን ቤት ያስጎበኛታል። እርጅና ሰውን መልሶ ልጅ ያደርገዋል ይባላል። ለሐኪሙ ልንገረው ይሆን?

ሰኞ 26

አንድ ሰውዬ የአይጥ መርዝ ጠየቀኝ። ድመት አለህ ወይ አልኩት። «አለችኝ፣ ግን ከፍ አድርጌ ነው የማስቀምጠው» አለ።

«ድመቷ ባትደርስበት አይጡ ይደርስበታል» አልኩት። «መርዙን የበላ አይጥ ወዲያው አይሞትም፣ ይደክማል። የደከመ አይጥ ደግሞ ጥርስ የሌላት አሮጊት ድመትም ትይዘዋለች። ደስ ብሏት ትይዘዋለች፣ ገና አለሁ ብላ።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሰውዬው ሳይገዛ ወጣ። ኃላፊዬ ወደ ጓዳ ጠርቶ «ቤት ሰላም ነው?» አለኝ። ሰላም ነው አልኩት።

ይህን ምክር ለደንበኛ ስሰጥ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ሐሙስ 29

ማሰሪያው ድመቷ አንገት ላይ የለም። አባዬን ጠየቅሁት። «አልሆናትም፣ አወለቅኩላት» አለ። የት አደረግከው ስለው «አለ» ብቻ አለኝ። አብልቶ አብልቶ አወፍሯት ይሆናል።

ደግሞ ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ እንደሚባለው፣ ይቺ ከጠረጴዛ ላይ ትሰርቃለች። እሜቴ እንዲህ ያለ ነውር አታውቅም ነበር። አባዬ ግን ሳቀ። እሜቴ ብሎ ሲጠራት ከሰማሁ ሰንብቻለሁ። «አንቺ» ይላታል፣ ወይም «ነይ እስቲ»።

እሁድ 2

ወር ተለወጠ፣ ዝናቡ ግን ያው ነው። ወንድሜ መጣ። ምሳ ላይ ያንኑ ነገር አነሣ፤ «አባዬ፣ እኔ ጋ እንሂድ። እሷም ትረፍ።»

«አሁን አይሆንም» አለ አባዬ። «ድመቷ ገና ቤቱን አልለመደችም።»

ወንድሜ «በአሥራ አራት ዓመቷ?» ብሎ ሳቀ። እኔ ያልተበላበትን ሳህን ማንሣት ጀመርኩ። «ገና» ያለው አምልጦት ነው። ሽማግሌ ቃል ያመልጠዋል።

ስሸኘው ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ «አንቺ ግን ምን ሆነሻል? ከአባዬ ይልቅ የከሳሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩት።

ማክሰኞ 4

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ዋሽቻለሁ። ማንም የማያነበው ደብተር ላይ።

እርጅና አልነበረም። ሳገኛት ድዷ ላይ ደም ነበር፣ የፊት እግሯም ላይ። መርዙ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ዓይነት ነው፣ ወረቀቱን እኔው ነኝ የማነበው፣ ለሌላው ሰው የማስረዳው እኔው ነኝ። እንዳየኋት ነው ያወቅኩት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ፣ ይሄ እንኳ ከዚያ ይብሳል፤ የመታሁት እኔ ነኝ። ለአንድ ከረጢት ሩዝ ብዬ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ለአባዬ መንገር አለብኝ። ልቡን ፈርቼ ነው እያልኩ እዘገያለሁ። ግን የማንን ልብ እየጠበቅኩ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። እውነቱን ከሰማ እኔን እንዴት ብሎ ይጠራኛል? እማዬ ከተወችለት ሁሉ የሚተነፍስ ነገር እሷ ብቻ ነበረች።

ደግሞ ወንበሩ። ጠዋት ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ አባዬን ፀሐይ ለማሞቅ ጓሮ አወጣዋለሁ። ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ የልብስ ማስጫው ሥር ብቻ ነው። የፕላስቲክ ወንበሩን እዚያ የማኖርለት እኔ ነኝ። እሷ ላይ ተቀምጦ «ዛሬስ ደስ ይላል» ይለኛል። እኔም አዎ እላለሁ።

ዓርብ 7

ልነግረው ነበር። መድኃኒቱን ሰጥቼው ወጣሁ።

እሁድ 9

እንደሆነው ልጻፈው።

ከቁርስ በኋላ ነው። አባዬ የስፌት መኪናው ፊት ተቀምጦ፣ እንደ ልማዱ ያለ ክር ያለ ጨርቅ ፔዳሉን ይረግጣል። ድምፁን ይወደዋል። ድመቷ ከወጥ ቤት ወጣች፣ አፏ ውስጥ አይጥ ይዛ። አምጥታ እግሩ ሥር አኖረችለት። ጎንበስ ብሎ በእጁ ፈለገና ጭራውን አገኘ። ፊቱ ላይ ሳቅ አየሁ።

«ይቺን አየሻት? በነጻ አልበላም አለች» አለኝ።

ድመቷ አይጡን መልሳ ልትይዝ አፏን ስትከፍት ጮህኩ። «ተይ! አትንኪው፣ መርዝ ይኖረዋል!» በእግሬ ገፋኋት። አይጡን በጨርቅ አፈስኩ።

የመኪናው ድምፅ ቆመ።

«የምን መርዝ?» አለ አባዬ።

ውሸት ፈለግሁ። አንድ ወር ሙሉ ሳይጠፋ፣ ያን ጊዜ አጣሁት።

«አባዬ፣ ይቺ እሜቴ አይደለችም» አልኩት።

«እሱን አውቃለሁ» አለ። «መርዙን ንገሪኝ።»

ነገርኩት። ፓኬቱን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ከማጠቢያው ጀርባ ያየሁትን፣ ደሙን። ፊቱን ወደኔ አላዞረም። ድመቷ እቅፉ ላይ ወጥታ ነበርና እጁን ከጀርባዋ አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አደረገው።

«ተሠቃየች?»

«አላውቅም» አልኩት። «አጠገቧ አልነበርኩም።»

«የት ናት?»

ክንዱን ይዤ ጓሮ አወጣሁት። ገመዱ ሥር ስንደርስ «እዚህ» አልኩ። በጫማው ጫፍ መሬቱን ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ እጁን ሲዘረጋ የወንበሩን መደገፊያ አገኘው። እጁ እዚያው ቀረ።

«በየጠዋቱ እዚህ ነበር የምታስቀምጪኝ?»

«አዎ።»

«ወንበሬን አንሺው» አለ።

አነሣሁት። ምሳ አልበላም።

ማክሰኞ 11

ሁለት ቀን። ውሃ ብቻ ነው የሚጠጣው። ለወንድሜ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። «አሁን ይበላል?» አለኝ። አይበላም አልኩ። ቅዳሜ ድረስ እንዲህ ከሆነ መጥቼ እወስደዋለሁ አለ። መከራከር አልቻልኩም።

ሐኪሙ መጣ። ልቡን አዳምጦ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። «ከበፊቱ አልከፋም። ኀዘን ላይ ነው እንዴ?»

«አዎ።»

«መቼ ነው ሰው የሞተባችሁ?»

ወር ሊሞላው ነው፣ መርዶውን ግን ገና ከትናንት ወዲያ ነው ያረዳሁት አልኩት። እንዲህ ስናገር ነው ያደረግሁት ነገር የገባኝ። ሊያለቅስ የሚገባውን አንድ ወር ቀምቼዋለሁ። እሱ ግን እያወቀ ለኔ ሲል አላለቀሰም።

ሐሙስ 13

ሲስተር ቀን ቀን አብረውት ይውላሉ። ዛሬ ከሳቸው እጅ ሾርባ ቀመሰ። ከኔ እጅ አይደለም። ቅር አይለኝም ብዬ ልጽፍ ነበር። ቅር ይለኛል።

ሲወጡ «መርፌ ውስጥ ክር አስገቢልኝ አለኝ» አሉኝ። «የድሮ ቁርጥራጭ ጨርቅ ያለበትንም ከረጢት አወረድኩለት።»

«ምን ሊያደርግ?»

«እኔ ነርስ ነኝ፣ ልብስ ሰፊ አይደለሁም» አሉ። ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አድርገው ሄዱ።

ቅዳሜ 15

ወንድሜ መኪና ይዞ መጣ። አባዬ «ተመለስ፣ ሥራ ይዣለሁ» ብሎ ላከው። ወንድሜ ግራ ገብቶት እኔን ያያል። እኔ ደግሞ የአባዬን ጣት አያለሁ። ሌባ ጣቱ ጫፍ ላይ መርፌ የወጋው ምልክት አለ፣ ሦስት አራት ቦታ።

እሁድ 16

ዛሬ ጠራኝ። «ነይ፣ ቁጭ በይ» አለ። ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ካወቅክ ለምን አልነገርከኝም?»

«ማሰሪያውን ስነካው የሰው ስፌት አገኘሁበት» አለ። «ስድስት ነው። አራተኛው ተንሻፏል፣ አምስተኛውም ተከትሎታል። አንቺ ካላለቀስሽ በስተቀር ስፌት አይንሻፈፍብሽም፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቃለሁ። እያለቀሰች የሰፋችውን አልፈልግም ልበላት?»

«ትቆጣኛለህ?»

«እቆጣሻለሁ» አለ። «ገና አልጨረስኩም።» ከዚያ «አሁን ምሳ አምጪ» አለ።

አመጣሁ። ከኔ እጅ ተቀበለኝ። ግማሹን በላ፣ ግማሹን ለኔ ገፋልኝ።

ሳህኑን ሳነሣ ሰማያዊውን ማሰሪያ አየሁት። የስፌት መኪናው መዘውር ላይ ተሰቅሏል። ስድስቱን ስፌቴን አንድ በአንድ ፈትቶታል፣ የመርፌው ቀዳዳ ብቻ ነው የቀረው። ወደ እሜቴ አንገት ልክ መልሶታል።

ያቺ ሌላዋ ድመት ከአባዬ እቅፍ ወርዳ መጣችና ጭኔ ላይ ወጣች። ወደኔ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። አንገቷ ላይ አዲስ ማሰሪያ አለ። ጨርቁን አወቅሁት፣ የትምህርት ቤት ቀሚሴ ቁራጭ ነው፣ አረንጓዴው። ልክክ ብሎባታል።

«ስም አውጪላት» አለ አባዬ።

አውራ ጣቴን ከማሰሪያው ሥር ወደ ውስጥ አስገባሁ። ዓይኔን ጨፈንኩና ቆጠርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት።